በቁሟ የተለቀሰላት

በበጋ ወራት አሜሪካኖች ወደ ኖርዌይ ይመጣሉ። ተራሮቹን ሰንጥቆ በገባው ባሕር ላይ ከዳር ዳር የምታሻግረው ጀልባ ላይ ይወጡና ትኬት ለምትቆርጠው ሴት ሁሉም ያንኑ ይነግሯታል፦ «ቅድመ አያቴ ከዚህ አካባቢ ነው የሄደው።» ቶርቦርግ ይህን ቃል ከወጣትነቷ ጀምሮ ስትሰማው ኖራለች። ፈገግ ብላ «እንኳን ወደ አገራችሁ በሰላም መጣችሁ» ትላቸውና ወደሚቀጥለው መንገደኛ ታልፋለች።

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1983 በጋ ግን አንድ ሽማግሌ ከሚስቱ ጋር መጣ። የአያቶቹን እርሻ ስም በትክክል መጥራት አቅቶት ሦስት ዓይነት አድርጎ ነገራት። ቶርቦርግ አወቀችው፤ ከወደቡ በላይ ያለ፣ ጣሪያው የወደቀ ቤት ነው። ሥራዋን ስትጨርስ እየመራች ወሰደቻቸው። ሽማግሌው ከበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለ፤ ድንጋዩን በመዳፉ ዳበሰና እንደ ሕፃን አለቀሰ።

«እናቱ ስትሞት እንኳ እንዲህ አላለቀሰም» አለች ሚስቱ ለቶርቦርግ፣ ባሏን በመገረም እያየች።

ቶርቦርግ ወደ ቤቷ ስትመለስ አንድ ነገር ይከነክናት ጀመር። የማታውቃቸው ሰዎች ውቅያኖስ አቋርጠው የአያቶቻቸውን ደፍ ፍለጋ ይመጣሉ። የእናቷን የሲነቫን ደጅ ግን አንድም ሰው መጥቶ አንኳኩቶ አያውቅም።

ሲነቫ በሦስት ዓመቷ የቀረች ልጅ ናት። አባቷ ኢቫር ክቪትበርግና እናቷ ጉሮ በ1911 እርሻቸውን ሸጠው፣ ሁለቱን ወንዶች ልጆቻቸውንና እሷን ይዘው አሜሪካ ለመግባት በርገን ወደብ ወረዱ። የመርከቡ ሐኪም የልጅቷን የዓይን ቆብ ገልብጦ አየና ራሱን ነቀነቀ። ትራኮማ ነበረባት። እንዲህ ያለ ዓይን ይዞ አሜሪካ የሚገባ የለም። ጉሮ እንመለስ ብላ ብትለምን፣ ኢቫር «ወዴት ነው የምንመለሰው? ቤታችን ውስጥ እኮ ሌላ ሰው እራቱን እየበላ ነው» አላት። ልትሸኛቸው አብራ የመጣችው የኢቫር እህት ራንዲ ያኔ እጇን ዘረጋች። ልጅ አልነበራትም። «ለእኔ ስጡኝ። ዓይኗ ሲድን ከሚሄድ ሰው ጋር እልክላችኋለሁ» አለች። መርከቡ ሄደ።

የልጅቷ ዓይን በዓመቱ ዳነ። ወደ አሜሪካ ግን የወሰዳት የለም። ወላጆቿ በመጀመሪያ ሚኒሶታ እንደነበሩ፣ ኋላ መንግሥት መሬት በነፃ ያድላል ተብሎ ወደ ሞንታና እንደተጓዙ ወሬ ደረሰ። ከዚያ ወዲያ ዝም አለ። ሲነቫ «እናቴ መቼ ነው የምትወስደኝ?» እያለች ስትጠይቅ ራንዲ «አልጠየቁሽም፣ ልጄ» ትላታለች። ደጋግማ ጠይቃ ያንኑ ስትሰማ ልጅቷ መጠየቅ አቆመች።

ቶርቦርግ ስለ ዘመዶቻቸው ባነሳች ቁጥር የእናቷ መልስ አንድ ነበር፦ «ያልፈለጉኝን ሰዎች ምን ብዬ እፈልጋቸዋለሁ?»

በተከታዩ ዓመት የቱሪስቱ ወራት ሲያልቅ ቶርቦርግ ለባሏ ለአርቪድ ሞንታና እንደምትሄድ ነገረችው።

«እስከ በርገን መኪና ለመንዳት የምትፈሪ ሴት ሞንታና?» አለ አርቪድ።

«በርገን ጠባብ ነው። ሞንታና ሜዳ ነው አሉ፤ የምጋጨው ነገር የለም።»

«ብቻሽን?»

«አንተ ከመጣህማ ስለ መንገዱ ስትነግረኝ መንገዱን እስታለሁ።»

ለእናቷ ለጉብኝት እንደምትሄድ ነገረቻት። ሲነቫ ሹራብ እየሠራች ነበር፤ ቀና አላለችም። «ሂጂ። ካገኘሻቸው ግን ሰላም በያቸው አልልሽም» አለች። ቶርቦርግ ደነገጠች። ለመዋሸት መሞከሯ ራሱ አሳፈራት።

ሞንታና ሰማይ የበዛበት አገር ሆኖ አገኘችው። ከተራራ ሥር ተወልዳ ላደገች ሰው፣ የሚደገፉት ነገር የሌለበት ሜዳ ያዞራል። ከሚኒሶታ ወደ ምዕራብ የሄዱት ኖርዌጂያኖች ከሰፈሩባቸው የገጠር ከተሞች በአንዱ፣ ኖርቢ በምትባል፣ ከእህል ጎተራው ሌላ ከፍ ያለ ነገር በማይታይባት መንደር አረፈች። የስልክ ማውጫው ውስጥ ክቪትበርግ የሚባል ሰው የለም። ከኖርቢ በፊት ባለፈችባቸው መንደሮችም አልነበረም። ምግብ ቤት ገባችና ጥግ ላይ ካርታ የሚጫወቱ ሽማግሌዎችን ጠየቀች።

«ክቪትበርግ?» አለ ክላረንስ የሚባለው፣ ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ። «እዚህ እንዲህ የሚባል የለም። ስሙ ራሱ ጉሮሮ ይቧጥጣል።»

«ያንተ አባት ስምስ? እስኪሞት ድረስ ባንክ ቤቱ በትክክል ጽፎለት አያውቅም» አለ ከፊቱ የተቀመጠው።

«አንተ ካርታህን ተጫወት። ለመሆኑ ምን ማለት ነው ስሙ፣ እሜቴ?»

«ነጭ ተራራ ማለት ነው» አለች ቶርቦርግ።

ክላረንስ ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ደፋው። «ነጭ? ዋይት! ኢቫር ዋይት ነው የምትፈልጊው? አባቴ ሲስቅበት አስታውሳለሁ። ተራራ በሌለበት አገር የተራራ ስም ይዤ ምን አደርጋለሁ ብሎ ተራራውን ጣለና ነጩን አስቀረ ይለን ነበር። ሚስቱ ደግሞ፣ ነፍሷን ይማርና፣ እዚህ ድርቅ አገር ላይ በአጥር ሽቦ የሣር ማድረቂያ ሠርታ ሣር ታሰጣ ነበር። ሣሩ ገና ሳይታጨድ የሚደርቅበት አገር! ሰው ሁሉ እያለፈ ይስቅባታል፤ እሷ ግን ማስጣቷን አላቆመችም።»

ቶርቦርግ ወንበር ስባ ተቀመጠች። በእነሱ ሸለቆ ሣር ሁሉ የሚሰጣው በሽቦ ላይ ነው፤ አለዚያ ዝናቡ ያበሰብሰዋል።

«ያሉት ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው» አለ ክላረንስ፣ አሁን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ትንሿ ልጃቸው አልማ ግን አለች። ቫግነር የሚባለውን ጀርመን አግብታ ስለነበር ነው በስም ያላገኘሻት። ከልጇ ከዴል ጋር ናት፣ መጨረሻው ቤት።»

ቶርቦርግ መጀመሪያ ወደ መቃብሩ ሄደች። ነፋሱ ሣሩን እያጋደመ ያነሳዋል። ድንጋዩን አገኘችው። ኢቫር ዋይት። ጉሮ። ከሥራቸው በ1918 የሞተ ወንድ ልጅ። ከእሱ ሥር ደግሞ አንድ መስመር ነበር፦

«ሲነቫ፣ 1908 – 1913። በአገር ቤት ያረፈች።»

ደጋግማ አነበበችው። በዚያው ዕለት ጠዋት እናቷ በስልክ ዶሮዎቹ ውስጥ ቀበሮ ገባ ብላ ስትራገም ሰምታታለች። ቶርቦርግ ሣሩ ላይ ተቀመጠች። የተረሳች ልጅ አልነበረችም። ሞታለች ተብላ የተለቀሰላት ልጅ ነበረች። ይህን ወሬ ማን ላከው ብሎ መጠየቅ እንኳ አላስፈለጋትም፤ ለመላክ የሚችል ሰው አንድ ብቻ ነበር። ግን ልቧ ያንን ስም ሊቀበል አልፈለገም። ሹራብ መሥራት ያስተማረቻት፣ ስትታመም ከአልጋዋ የማትለየው፣ «የእኔ ወርቅ» እያለች ፀጉሯን የምታበጥራት ራንዲ! ሲነቫ ትልቅ ሴት ሆና ልጆች ወልዳ እንኳ ራንዲ ወደብ ብቻዋን እንድትወርድ አትወድም ነበር። ሰው ሁሉ ፍቅር ነው ይል ነበር። ፍቅርም ነበር፣ ፍርሃትም ነበር።

አልማ ከቤቷ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ባቄላ ትፈለፍል ነበር። ቶርቦርግ በጀልባ ላይ በተማረችው እንግሊዝኛ ከኖርዌይ መምጣቷን፣ የክቪትበርግን እርሻ እንደምታውቀው ነገረቻት። አሮጊቷ አተኩራ አየቻትና በዚያ ሸለቆ ቋንቋ፣ አሁን ሽማግሌዎች ብቻ በሚናገሩት፣ የቶርቦርግ እናት በምትናገረው ለዛ መለሰችላት።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የሲነቫ ልጅ ነኝ።»

«የትኛዋ ሲነቫ?»

«የኢቫርና የጉሮ ልጅ።»

የአልማ እጅ ባቄላው ላይ ቆመ። «እሷማ ሞታለች» አለች።

«አልሞተችም፣ እትዬ አልማ። ዛሬ ጠዋት በስልክ አናግሬያታለሁ።»

«እማ፣ ማን ነው?» የሚል የወንድ ድምፅ ከውስጥ መጣ።

«ዝም በል፣ ቴሌቪዥንህን እይ!» አለች አልማ፤ ከዚያም ለቶርቦርግ በሹክሹክታ «እስኪ ደግመሽ በይው» አለቻት።

ቶርቦርግ ደገመችላት። አልማ አላለቀሰችም። ሳህኑን ከጭኗ ላይ አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠችው፣ እንደገና አነሳችው። ከዚያ መናገር ጀመረች። እሷ ሳትወለድ፣ ለአጨዳ ሥራ ከአገር ቤት የመጣ አንድ ሰው እቤታቸው ገብቶ ቆቡን አውልቆ ቆመ አሉ። ራንዲ ንገርልኝ ብላኛለች፣ ልጅቷን የጉሮሮ በሽታ በክረምት ወሰዳት አለ። ጉሮ ለሰውየው ምሳ አቀረበችለት። ከዚያ በኋላ ግን የእርሻ ጊዜ እስኪደርስ ከሰው ጋር አልተነጋገረችም።

«እኔ ስወለድ ስሟን ለእኔ ሊሰጡኝ ነበር» አለች አልማ። «እናቴ እንቢ አለች። ስሙ ባለቤት አለው አለች።»

አልማ ሳህኑን ወለሉ ላይ አስቀምጣ «ራንዲ አለች?» ስትል ጠየቀች።

«ከሞተች ቆይታለች።»

«ጥሩ። ብትኖር ኖሮ እኔ እገድላት ነበር።»

ቶርቦርግ ስለ ራንዲ አንድ ደግ ነገር መናገር ፈልጋ ነበር፤ በዚያ በረንዳ ላይ የሚሆን ቃል ግን አላገኘችም።

አገሯ ስትመለስ ከሰዓት በኋላ ወደ እናቷ ወጥ ቤት ገብታ፣ ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ ሁሉንም ነገረቻት። ድንጋዩን፣ አጫጁ ያመጣውን ወሬ፣ አልማን። ሲነቫ እጇን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

«ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ።»

«እንግዲያው ሁለተኛ የራንዲን ስም በዚህ ቤት እንዲህ አድርገሽ አታንሺ።»

«እማዬ፣ እናትሽ እኮ ስታለቅስልሽ ነው የኖረችው!»

«እናቴን በእጄ አጥቤ፣ ዓይኗን ከድኜ ቀብሬያታለሁ» አለች ሲነቫ። ድምፏ አልጨመረም። «ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው። አንዲት እናት ነበረችኝ። አንቺ አሁን ሌላ አምጥተሽ ሰጠሽኝና ያችኛዋን ወሰድሽብኝ። ምን አደረግኩሽ፣ ልጄ?»

ቶርቦርግ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ረጅም ሰዓት ሞተር ሳታስነሳ ተቀመጠች። ደስ የሚያሰኝ ነገር ይዛ የመጣች መስሏት ነበር።

ክረምቱ በዝምታ አለፈ። ሲነቫ ነገሩን አላነሳችም፤ ቶርቦርግም አልደፈረችም። በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ግን አንድ ቀን እናቷ ካልሲ እየጠቀመች፣ ዓይኗን ከመርፌው ሳታነሳ፣

«ያቺ ሴትዮ ጥርስ አላት?» አለች።

«የትኛዋ ሴትዮ?»

«የአሜሪካዋ ናታ።»

«አላት።»

«የራሷ?»

«የራሷ ይመስለኛል።»

«እምም» አለች ሲነቫ። «የእኔ አርባ ሳይሞላኝ ነው ያለቀው። በእናቷ ወጥታ ይሆናል።»

ቶርቦርግ በዚያው ቀን ሞንታና ደወለች። አልማ ሌላ ማባበያ አላስፈለጋትም። «ዴል አውሮፕላን ጉልበትሽን ይጎዳል ይለኛል» አለች። «ጉልበቴ ከተጎዳ ቆይቷል። ካላስገባችኝ ደጃፏ ላይ እቀመጣለሁ። ጉልበቴ እንደሆነ መቀመጥ ነው የሚወደው።»

በሐምሌ መጣች። ሲነቫ የክት ቀሚሷን ለብሳ ከበሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻት። ሁለቱ አሮጊቶች ተያዩ። አንድ ዓይነት ሰፊ ግንባር፣ አንድ ዓይነት ወደ ግራ ያዘነበለ አፍንጫ። ተጨባበጡ።

«እንኳን ደህና መጣሽ» አለች ሲነቫ።

«እንኳን ደህና ቆየሽኝ» አለች አልማ።

ከዚያ ስለ አየር ጠባይ አወሩ። በማግስቱም ስለ አየር ጠባይ አወሩ። አርቪድ ሚስቱን ጥግ ወስዶ «ባንክ ቤት ወረፋ የሚጠብቁ ነው የሚመስሉት» አላት። ቶርቦርግም ተጨነቀች። አልማ ስለ ራንዲ አንድ ቃል ከተናገረች ነገሩ ሁሉ እንደሚፈርስ ታውቅ ነበር። አልማ አልተናገረችም።

በሦስተኛው ቀን ሰማዩ ጠራና ሣር ለማስጣት ሁሉም ወደ ዳገቱ ወጡ። አርቪድና ቶርቦርግ በእንጨቶቹ መካከል ሽቦውን ይወጥራሉ፣ ሲነቫ በመንሽ ትሰበስባለች። አልማ ወንበር ቢያመጡላት አልቀመጥም ብላ አንድ እቅፍ ሣር አነሳችና ታችኛው ሽቦ ላይ ወርወር አደረገችው፤ በእጇ አንጓ ጠምዘዝ አድርጋ፣ ጫፉ ወደ ውጪ እንዲንጠለጠል። ዝናብ ቢመጣ ውሃው በጫፉ ይንጠባጠባል፣ ውስጡ አይርስም። ሁለተኛ እቅፍ አነሳች።

ሲነቫ መንሿን ይዛ ቆመች። «ማነው እንዲህ አድርጎ ያስተማረሽ? አሜሪካ ውስጥ ሣር የሚያስጣ አለ እንዴ?»

«እናታችን ናት» አለች አልማ።

ቃሉ ሳታስበው ነው የወጣት። ቶርቦርግ ሽቦውን እንደያዘች አልተንቀሳቀሰችም። ሲነቫ መንሿን ሣሩ ላይ አጋደመችና ወደ እህቷ ተጠጋች።

«አሳዪኝ» አለች።

አልማ አሳየቻት። ሲነቫ ሞከረች፤ ሣሩ ተንሸራቶ ወደቀ።

«እንዲያ አይደለም፣ እጅሽን አታጠንክሪው። ምን ሆነሻል፣ ላም እየያዝሽ ነው?»

«ስድሳ ዓመት ሣር አስጥቼ አሁን አንቺ ታስተምሪኛለሽ?»

«የተሳሳተ ስድሳ ዓመት ነዋ!»

ሲነቫ በሐምሌ ፀሐይ መሐል ቆማ እንደገና ወረወረች፤ ጠመዘዘች፤ ሣሩ ተንጠለጠለ። አየችው። «ቁመቷ እንዴት ነበር?» ብላ ጠየቀች፤ «ረጅም ነበረች?» አልማ እጇን አንስታ በአየር ላይ ልኳን አሳየቻት። ከዚያ ወዲያ ጥያቄው አላቋረጠም። ትዘፍን ነበር? ምን ትወድ ነበር? ስትቆጣ ምን ታደርጋለች? «ስትቆጣማ ዶሮዎቹ እንቁላል መጣል ያቆማሉ» አለች አልማ። ሲነቫ ሳቀች፤ ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረና አፏን በመሐረቧ ያዘች። ቶርቦርግ እናቷ ስታለቅስ ያየችው ያኔ ነው፣ ከዚያ በፊት አይታ አታውቅም። አርቪድን በክንዱ ይዛ ወደ ዳገቱ ላይኛው ጫፍ ወሰደችው።

እሑድ ጠዋት፣ ከቅዳሴ በፊት፣ ሲነቫ አልማን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ወሰደቻት። ቶርቦርግ ጥቂት ራቅ ብላ ተከተለቻቸው።

«ይቺ ናት» አለች ሲነቫ።

አልማ የራንዲን መቃብር ቁልቁል አየች። አበባ ተተክሎበታል፤ አረሙ የተነቀለ ነው። «ልተፋባት ነበር የመጣሁት» አለች።

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው ቶሎ ያላመጣሁሽ።»

«እንዴት ትወጃታለሽ? እሺ፣ እንዴት?»

ሲነቫ አጎንብሳ ከድንጋዩ ላይ የወደቀ ቅጠል አነሳች። «አንድ ቀን በልጅነቴ ከበረዶው ሥር ውሃ ውስጥ ገባሁ። ራንዲ መዋኘት አትችልም። ዘላ ገባች። ሳንባዋ ከዚያ ወዲህ ልክ ሆኖ አያውቅም» አለች። «የሠራችው ክፉ ነገር ነው። ይሄ አልገባትም ብለሽ እንዳታስቢ፤ ክረምቱን ሙሉ ከእሷ ጋር ስጣላ ነው የከረምኩት። ግን ሁለቱንም ያደረገችው ያቺው አንዷ ሴት ናት። የትኛውን ግማሿን ልጣል?»

ደወሉ መደወል ጀመረ። አልማ ቦርሳዋን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረች። «ደህና አድርጋ አሳድጋሻለች። ይሄን አልክድም» አለች ቀስ ብላ። «ይቅር ማለት ግን የእኔ አይደለም። የእናታችን ነው። አሁን አንድ ቦታ ናቸው፣ ይነጋገሩበት።»

ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ በአዳራሹ ውስጥ ኬክ ሊበላ ተሰበሰበ። ሲነቫ እህቷን ክንዷን ይዛ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ አዞረቻት። «እህቴ ናት» ትላለች። ቃሉን መናገር እንደጣፈጣት ያስታውቃል፤ ያስተዋወቀችውን ሰው እንኳ ተመልሳ ታስተዋውቅ ነበር። በመጨረሻ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ሚስት፣ ወሬ የማያመልጣት ሴት፣ ወንበሯን ጠጋ አደረገች።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን እንዴት ሳትፈላለጉ ቀራችሁ?»

አዳራሹ ውስጥ ራንዲን የሚያስታውሱ ብዙዎች ነበሩ። ከመካከላቸው ክርስትና ያነሳቻቸው አሉ። ቶርቦርግ የእናቷን ፊት አየች፤ እውነቱ እንዲነገር ትፈልግ ነበር፣ እንዳይነገርም ትፈልግ ነበር። ሲነቫ የጠረጴዛውን ጨርቅ ጠርዝ ማጠፍ ጀመረች።

«አባቴ ስሙን ለወጠዋ» አለች አልማ፣ ኬኳን እየቆረሰች። «አሜሪካ ደግሞ ሰፊ ነው፣ እመቤቴ። ዋይት የሚባል ሰው እዚያ ከሣሩ ይበዛል። የት ብለው ያገኙናል?»

ሴትዮዋ እውነት ነው በሚል ራሷን ነቀነቀች። ሲነቫ ከጠረጴዛው ሥር የእህቷን እጅ ፈልጋ ያዘች፤ በሌላው እጇ ደግሞ የኬኩን ሳህን ወደ እሷ ገፋችላትና «ብዪ እንጂ፣ ምንም አልቀመስሽም» አለቻት።